ልብ አንጠልጣይ ፊልምና ተመልካቹ

በዚህ መንፈቅ ዓመት መጀመሪያ የማኅበራችን የፊልም ክበብ አንድ አጭር ፊልም ለመሥራት በተነሣ ጊዜ፥ ለእኔና ለሦስት ጓደኞቼ የደረሰን ድርሻ ትሬለሩን ማዘጋጀት ነበር። ትሬለር ማለት ፊልሙ ከመታየቱ አስቀድሞ ተመልካችን ለመጥራት የሚሠራው የአንድ ወይም የሁለት ደቂቃ ማስታወቂያ ነው። ሥራው ቀላል መሰለን። ከተቀረጸው ውስጥ ጥሩ ጥሩውን ቈርጦ መቀጠል፥ ከበስተኋላው የሚያስደነግጥ ሙዚቃ መጨመር፥ በመጨረሻም ቀኑንና ሰዓቱን መጻፍ ነው ብለን በሁለት ሌሊት ጨረስነው። ከዚያም በመኝታ ክፍላችን ስምንት ልጆች ሰብስበን አሳየናቸው። ሲያልቅ ሁሉም አጨበጨቡ። አንዱ ግን ከላይኛው አልጋ ላይ እንደ ተጋደመ፥ «ጥሩ ነው፤ ግን ፊልሙን እኮ አየነው። ታዲያ ቅዳሜ የምንመጣው ምን ልናይ ነው?» አለን።

ልጁ ቀልዱን ነበር። እኛን ግን ሳቅ አልመጣልንም፤ ለካሜራው ኪራይ የተበደርነው ገንዘብ የሚከፈለው ከመግቢያው ነበርና። የፊልሙ ታሪክ እንዲህ ነው። አንዲት ተማሪ በቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስታጠና እንቅልፍ ይወስዳትና በሩ ይቈለፍባታል። ቁልፉ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም በዘበኛው ቤት በምስማር ላይ ይሰቀላል። በእኩለ ሌሊት ግን በሩ ሲከፈት ትሰማለች። ቁልፉን የወሰደው ሰው ማን እንደ ሆነ የሚታወቀው በመጨረሻው ትዕይንት ነው። እኛ ደግሞ የዚያን ሰው ፊት በትሬለሩ ውስጥ ለአንድ ሰኮንድ ያህል አሳይተን ነበር። ምክንያታችን ከተቀረጸው ሥዕል ሁሉ ያማረው እርሱ ስለ ሆነ ብቻ ነው።

በማግሥቱ የመታያው ቀን በሦስት ሳምንት እንዲተላለፍ ለምነን ሥራውን ከመጀመሪያው ልንጀምር ተስማማን። እንግዲህ ኮምፒዩተሩን እንደ ገና ከመክፈታችን በፊት ሁለት ነገር ማወቅ ነበረብን። አንደኛው ይህ ልብ አንጠልጣይ የሚባለው የፊልም ዘውግ በምን እንደሚሠራ፥ ሁለተኛው ደግሞ የሚያየው ሰው ማን እንደ ሆነ ነው። ከአንባቢዎቼ መካከል እንዲህ ያለ ሥራ የሚገጥመው አይጠፋምና ያገኘነውን እጽፋለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር አድርጌአቸዋለሁ።

በመጀመሪያ የስሙ ነገር። በእንግሊዝኛ ትሪለር የሚባለውን እኛ ልብ አንጠልጣይ እንለዋለን። በእኔ አስተያየት የእኛ ስም ይበልጣል። የእንግሊዝኛው ቃል የሰውነትን መንዘር ብቻ ሲናገር፥ የአማርኛው ልብ በአንድ ነገር ላይ ተሰቅሎ መሬት ሳይነካ መቈየቱን ይገልጻል። የወንጀል ምርመራ ታሪክ ከዚህ ይለያል። በዚያ ውስጥ ወንጀሉ አስቀድሞ ተፈጽሟል፤ የቀረው ማን አደረገው የሚለው ጥያቄ ስለ ሆነ ፊታችንን ወደ ኋላ አዙረን እናያለን። አስፈሪ የሚባለው ፊልም ደግሞ ከሰው ኃይል በላይ የሆነ ነገር ያመጣና ያስበረግገናል። በልብ አንጠልጣይ ውስጥ ግን አደጋው ገና ከፊት ነው፤ እየቀረበም ነው፤ ጊዜም እያለቀ ነው። አንድ ፊልም ሦስቱንም ሊያደባልቅ ይችላል፤ የእኛም ያደባልቃል። ቢሆንም የሚጐትተው የትኛው እንደ ሆነ ካልታወቀ ትሬለሩ የሚሠራበት መንገድ ይጠፋል።

አንሪ ዦርዥ ክሉዞ የተባለው ፈረንሳዊ አዘጋጅ በ1953 ያወጣው «የፍርሃት ደመወዝ» የተሰኘ ፊልም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በደቡብ አሜሪካ አንድ የነዳጅ ዘይት ጉድጓድ በእሳት ይያያዛል። እሳቱን ለማጥፋት ናይትሮግሊሰሪን ያስፈልጋል፤ ይህ ፈሳሽ ደግሞ ጥቂት ከተንገጫገጨ የሚፈነዳ ነው። ገንዘብ የቸገራቸው አራት ሰዎች በሁለት የጭነት መኪና ጭነውት ክፉ የተራራ መንገድ ይጀምራሉ። ታሪኩ ይኸው ነው። የተሰወረ ነፍሰ ገዳይ የለበትም፥ መንፈስ የለበትም። መንገድ ላይ የተጋደመ አንድ ድንጋይ ግን ከማናቸውም ጭራቅ የበለጠ ያስፈራል። ሊማሊሞን በጭነት መኪና ወርዶ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ሳይነገረው ይገባዋል።

ይህን ጉዳይ ከሁሉ አጥርቶ የተናገረው አልፍሬድ ሂችኮክ የተባለው የእንግሊዝ ተወላጅ አዘጋጅ ነው። በ1962 ፈረንሳዊው ፍራንሷ ትሩፎ ለብዙ ሰዓት አነጋግሮት ነበርና ንግግሩ በ1966 በመጽሐፍ ወጣ። በዚያ ውስጥ የሚሰጠው ምሳሌ እንዲህ ያለ ነው። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ስለ ተራ ነገር ይጨዋወታሉ እንበል። ከጠረጴዛው ሥር ቦምብ አለ፤ እኛ ግን አናውቅም። ድንገት ይፈነዳል። ተመልካቹ 15 ሰኮንድ ያህል ይደነግጣል፤ ከዚያ በኋላ ያልቃል። አሁን ደግሞ ያንኑ ትዕይንት እንለውጠው። ቦምቡ ሲቀመጥ አይተናል፤ በሰባት ሰዓት እንደሚፈነዳም አውቀናል፤ የግድግዳው ሰዓት ለሰባት ሩብ ጉዳይ ይላል። ያ ተራ ጨዋታ አሁን የማይቻል ይሆንብናል። «ወሬውን ተዉና ተነሡ!» ብለን ልንጮህባቸው እንፈልጋለን። 15 ደቂቃ ሙሉ እንጨነቃለን ማለት ነው። ቦምቡ ያው ነው፥ ሰዎቹም ያው ናቸው፤ የተለወጠው ተመልካቹ የሚያውቀው ነገር ብቻ ነው።

ሂችኮክ ራሱ በዚህ ሕግ አንድ ጊዜ ተቀጥቶበታል። በ1936 «ሳቦታዥ» በተባለው ፊልሙ ውስጥ አንድ ትንሽ ልጅ ቦምብ መሆኑን ሳያውቅ አንድ ጥቅል ይዞ በከተማ አውቶቡስ ይሄዳል። ተመልካቹ ያውቃል፤ ሰዓቱም ይቈጥራል። እዚህ ድረስ እንደ ሕጉ ነው። ነገር ግን ቦምቡ ፈነዳና ልጁ ሞተ። ተመልካቹ ተቈጣ። ሂችኮክም ከብዙ ዓመት በኋላ ስሕተት እንደ ሠራ አምኗል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ አንድ ነገር ታየኝ። ሰው ልቡን እንድናንጠለጥልበት የሚፈቅድልን በውል ነው፤ ውሉ የት እንደሚያልቅ የሚያውቀውም እርሱ ነው።

ወደ ትሬለሩ ልመለስ። ቃሉ በእንግሊዝኛ እኛ ተሳቢ የምንለው ነው፤ ከዋናው መኪና ኋላ የሚጐተት። ይህ ስም የወጣለት መጀመሪያ ይታይ የነበረው ከፊልሙ በኋላ ስለ ነበረ ነው። ኒልስ ግራንሉንድ የተባለ ሰው በ1913 ለአንድ የኒው ዮርክ የሙዚቃ ትያትር እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ፊልም ሠርቶ በሲኒማ ቤት ማሳየቱ የዚህ ሥራ መጀመሪያ ተብሎ ይጠቀሳል። ፊልሙ ሲያልቅ ሰው ተነሥቶ የሚሄድ ስለ ሆነ ተሳቢው ከመኪናው ፊት ተደረገ፤ ስሙ ግን እንዳለ ቀረ። ከ1919 ጀምሮ ናሽናል ስክሪን ሰርቪስ የተባለ ኩባንያ ለሆሊውድ ትሬለር እያዘጋጀ ያከፋፍል ነበር። የእነዚያን ዘመን ትሬለሮች ዛሬ ስናያቸው የገበያ ጩኸት ይመስላሉ። በመጋረጃው ላይ ትልልቅ ፊደል ይሮጣል፥ አንድ ወፍራም ድምፅ ይፎክራል። የእኛ አገር ፊልሞች በሞንታርቦ ሲለፈፉ የሰማ ሰው ያውቀዋል።

በ1960 የወጣው የሂችኮክ «ሳይኮ» ትሬለር ግን ሌላ ነገር ነው። ስድስት ደቂቃ ተኩል ያህል ይወስዳል፤ ከዋናው ፊልም የተቈረጠ ትዕይንት አታዩበትም። የምታዩት ራሱ ሂችኮክን ነው። ቦርጫሙ ሰውዬ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፥ ቤት እንደሚያከራይ ደላላ እያዘገመ፥ ፊልሙ የተሠራበትን ትንሽ ሆቴልና ከበስተኋላው ያለውን አሮጌ ቤት ያስጐበኘናል። ይህ ደረጃ ነው፥ እዚህ አንድ ሰው ወደቀ ይላል፤ እንዴት እንደ ወደቀ በእጁ ሊያሳይ ይጀምርና ይተወዋል። አንድ ቁም ሣጥን ይከፍታል፥ ያየውን ሳይነግረን ይዘጋዋል። መታጠቢያ ቤቱ ይገባል፤ አሁን ሁሉም ጸድቷል፥ ያን ጊዜ ብታዩት ኖሮ የሚል ዓይነት ነገር ይናገራል። በመጨረሻ መጋረጃውን ሳብ ሲያደርግ አንዲት ሴት ትጮኻለች፤ ያ ስለታም የቫዮሊን ድምፅም ይሰማል፤ አለቀ።

ይህን ትሬለር አራታችን ደጋግመን አየነው። ስንት ነገር እንደ ነገረን ቈጠርን። ሰው እንደሚገደል ነግሮናል፤ የት የት እንደሚገደልም ነግሮናል። በቤቱ ውስጥ አንድ ወጣትና እናት እንዳሉ ሳይቀር ጠቍሞናል። የደበቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛው ገዳዩ ማን እንደ ሆነ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ዝነኛይቱ ተዋናይ ጃኔት ሊ ፊልሙ ግማሽ ሳይደርስ እንደምትሞት ነው። እንዲያውም መጋረጃው ሲሳብ የምትጮኸው ጃኔት ሊ ሳትሆን፥ ሰው ሠራሽ ጠጕር ያጠለቀችው ሌላዋ ተዋናይ ቬራ ማይልስ ናት። ስለዚህ ቦምቡን ከጠረጴዛው ሥር አሳይቶናል፤ የትኛው ወንበር ላይ ማን እንደሚቀመጥ ብቻ ሸሽጎናል።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ የጠቀመን ግን ሌላ ነገር ነው። ሂችኮክ ይህን ሊያደርግ የቻለው ተመልካቹን ያውቅ ስለ ነበረ ነው። ከ1955 ጀምሮ በስሙ በሚጠራው የቴሌቪዥን ተከታታይ ታሪክ መግቢያ ላይ እየወጣ በዚያ ደረቅ ቀልዱ ሲናገር አሜሪካኖች በየሳምንቱ በየቤታቸው ያዩት ነበር። ፊቱን ሲያዩ ምን እንደሚመጣ ያውቃሉ፤ እርሱም እንደሚያውቁ ያውቃል። ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ማንም ሰው እንዳይገባ የሚል ደንብም አወጣ። በዚያን ጊዜ ሰው ሲኒማ የሚገባው በፈለገው ሰዓት ነበርና ይህ ትልቅ ነገር ነበረ። ደንቡ ራሱ ማስታወቂያ ሆነለት። ያን ያህል ዝና የሌለው አራት ተማሪ ግን የሂችኮክን መንገድ እንዳለ ቢቀዳ መሣቂያ ነው የሚሆነው። ከመካከላችን አንዱ ኮት ለብሶ ቤተ መጻሕፍቱን እንዲያስጐበኝ አሳብ ቀርቦ ነበር፤ እግዜር ይስጠው፥ ራሱ ተወው።

ስለ ተመልካች ስንናገር አገራችንን አንርሳ። ሲኒማ መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ሕዝቡ የሚታይበትን ቤት የሰይጣን ቤት ብሎት ነበር። ሰው ዛሬ ይህን ሲሰማ ይስቃል። እኔ ግን አልስቅም፤ በጨለማ ቤት ውስጥ የሌለ ሰው ሲንቀሳቀስ አይቶ መፍራት ተገቢ ነው እላለሁ። በኋላም በየሰፈሩ ቪዲዮ ቤት ሲከፈት፥ ከደጁ በጥቍር ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ስምና ሰዓት ትሬለራችን ነበረ። በአማርኛ እየተተረጐመ የሚቀርበውን የውጭ ፊልም ያየ ሰውም አንድ ልማድ ያውቃል። ተርጓሚው አንዳንድ ጊዜ ቸኵሎ፥ «አሁን ይህ ሰውዬ ሊከዳው ነው» ይለናል። ሂችኮክ ቢሰማ ምን ይል ነበር? ምናልባት ደስ ይለው ይሆናል።

በሆሊውድ ተመልካችን በዘዴ ማጥናት የተጀመረው ቀደም ብሎ ነው። የሕዝብ አስተያየት በመሰብሰብ የታወቀው ጆርጅ ጋሎፕ በ1940ዎቹ ለፊልም ኩባንያዎች የሚሠራ የጥናት ድርጅት ነበረው። ገና ያልተሠራ ፊልም ስሙና ታሪኩ እየተነገረ፥ ሰው ሊያየው ይፈልግ እንደ ሆነ ይጠየቅ ነበር። የተሠራውንም ለሙከራ ማሳየትና አስተያየት በካርድ ማስሞላት የቈየ ልማድ ነው። ይህ ልማድ ፊልሙን ራሱን እስከ መለወጥ ይደርሳል። በ1987 የወጣው «ፌታል አትራክሽን» የተባለው ልብ አንጠልጣይ ፊልም መጀመሪያ ሲሠራ ሴቲቱ በመጨረሻ ራሷን ትገድል ነበር። ለሙከራ ያዩት ሰዎች አልረኩም፤ እንድትቀጣ ፈለጉ። ስለዚህ መጨረሻው እንደ ገና ተቀርጾ በጥይት ተገደለች። ተዋናይቱ ግሌን ክሎዝ ለውጡን ተቃውማ ነበር። ገበያው ደራ። እንግዲህ ተመልካችን መጠየቅ ምን ጊዜም መልካም ነው የሚል ሰው ይህን ያስብ።

እኛም መጠየቅ ጀመርን፤ በመጀመሪያም በስሕተት ጠየቅን። «ልብ አንጠልጣይ ፊልም ትወዳለህ?» ስንል ሁሉም «አዎን» አለ። ይህ መልስ ለምንም አይረባም። ሰው የሚወደውን ሲጠየቅ የሚናገረው ሊመስል የሚፈልገውን ነው። ከዚያ ጥያቄውን ለወጥነው፤ «ጀምረህ የተውኸው ፊልም የትኛው ነው? የት ላይ ተውኸው?» እዚህ ላይ ምላስ ተፈታ። ብዙዎቹ የተዉት ከመጀመሪያው ሃያ ደቂቃ በኋላ መጨረሻው ሲታወቃቸው ነው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ማን ማን እንደ ሆነ ሳይለይላቸው ሲቀር ነው። አብዝቶ የሚናገረውም አብዝቶ የሚደብቀውም እኩል ሰው ያባርራሉ ማለት ነው።

ቀጥሎ መጠየቁን ትተን ማየት ጀመርን። የሌሎች ፊልሞችን ትሬለር በስልክ ከፍተን ለሰው ሰጠንና እኛ ፊቱን አየን። በምግብ ቤቱ ሰልፍ ላይ፥ በአውቶቡስ ውስጥ፥ በአዳራሹ ደረጃ ላይ። ያልጠበቅነው ነገር ይህ ነበር፤ አብዛኛው ሰው ድምፁን ዘግቶ ነው የሚያየው። ያ ሁለት ሌሊት ሙሉ የደከምንበት አስደንጋጭ ሙዚቃ ለማን ነው የተሠራው? ደግሞም ሰዉ ትዕግሥት የለውም። በአሜሪካ ትሬለር ከሁለት ደቂቃ ተኩል እንዳይበልጥ ተወስኖ ሲሠራበት ቈይቶ፥ በ2014 የሲኒማ ቤት ባለቤቶች ማኅበር ወደ ሁለት ደቂቃ እንዲያጥር ጠይቋል። በእኛ ሰልፍ ላይ ሁለት ደቂቃም ዘላለም ነው።

ከዚያ በፊልሙ ውስጥ ዘበኛ ስላለበት እውነተኛውን ዘበኛ ብንጠይቅስ ብለን ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ጥበቃ ሄድን። ጋሼ ትሬለሩን በጸጥታ ተመለከቱና፥ «ልጆቼ፥ ይህን ሁሉ ለምን ትለፋላችሁ? ገና ዘበኛው ሲታይ ሌባው እርሱ ነው ይባል የለም ወይ? በፊልም ላይ ዘበኛ ወይ ያስቃል፥ ወይ ይሰርቃል» አሉን። ልክ ነበሩ። ተመልካቹ ወደ አዳራሹ ሲገባ ባዶ እጁን አይገባም፤ ያያቸውን ፊልሞች ሁሉ ተሸክሞ ነው የሚገባው። ዘበኛውን ከቁልፉ ጋር ካሳየነው ጥርጣሬው ወዲያው ወደ እርሱ ይሄዳል፤ ለእውነተኛው ሰውም መሸሸጊያ ይሆነዋል። የእርሳቸውን ቅሬታ መሣሪያ ማድረጋችን ደስ አላለኝም። ነገር ግን አደረግነው።

ከሁሉ የከበደው መልስ ከአንዲት የክፍላችን ተማሪ የመጣው ነው። ትሬለሩን ሁለት ጊዜ አየችና፥ «አራታችሁም ወንዶች ናችሁ አይደል?» አለች። ነን፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ግን እንደ ጕድለት ቈጥረነው አናውቅም። ቀጥላም፥ «ይህ ለእናንተ ፊልም ነው። እኔ ከቤተ መጻሕፍት ወደ መኝታ ቤት በየማታው እሄዳለሁ። ቁልፌን በጣቶቼ መካከል ይዤ ነው የምሄደው። በዚህ ጩኸት ልትጠሩኝ ከሆነ አልመጣም» አለች። ትሬለራችን የሚያልቀው ልጅቱ በጨለማ ስትጮህ ነበር። ከየት እንዳመጣነው አሁን ታውቃላችሁ፤ ከመጋረጃው ጀርባ ነው። ከ1960 ጀምሮ፥ ከዚያም በፊት፥ ይህ ዘውግ ሲጨንቀው የሴት ጩኸት ይበደራል። እኛም ሳናስብ ተበደርን።

ምን ቢሆን ትመጪ ነበር ብለን ጠየቅናት። ጥቂት አሰበችና፥ «ልጅቱ ምን ታደርጋለች? እርሱን አሳዩኝ። ከእናንተ ትሬለር ያወቅሁት መጮህ እንደምትችል ብቻ ነው» አለችን። ይህ መልስ ሂችኮክ ስለ ቦምቡ ከተናገረው ጋር አንድ ነው። ጩኸት 15 ሰኮንድ ነው። በጨለማ ውስጥ የምታስብ ልጅ ግን 15 ደቂቃ ናት።

ስለ ጩኸት ዋጋ ስቲቨን ስፒልበርግም የሚነግረን አለ። በ1975 የወጣው «ጆውስ» የተባለው የሻርክ ፊልም፥ ሰው ሠራሹ ዓሣ በባሕር ጨው እየተበላሸ ስላስቸገረ፥ ዓሣውን ለብዙ ጊዜ ሳያሳይ ይቈያል፤ ይህም እጅግ ጠቀመው። ለሙከራ ሲታይ ሕዝቡ ጮኸለት። ስፒልበርግ ግን አንድ ጩኸት ጨምሮ ፈለገና በውሃ ውስጥ ካለ የተሰበረ ጀልባ የሞተ ሰው ራስ ብቅ የሚልበትን ትዕይንት በአቀናባሪዋ በቨርና ፊልድስ ቤት የመዋኛ ገንዳ ውስጥ ቀረጸ። ያም ተሳካ፤ ሰው ከወንበሩ ዘለለ። ነገር ግን እንደ ተናገረው፥ ከዚያ በኋላ ዓሣው ራሱ ብቅ ሲል የሚሰማው ጩኸት እንደ በፊቱ አልሆነም። ተመልካቹ አንድ ጊዜ ተታሎ ነበርና ተጠነቀቀ።

የሚቃወመንን አሳብ ብደብቅ ግን ትክክል አይሆንም። ሮበርት ዘሜኪስ የተባለው አዘጋጅ በ2000 ያወጣው ልብ አንጠልጣይ ፊልም ትሬለር ታሪኩን አብዝቶ ገለጠ ተብሎ ሲወቀስ፥ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የሚያየውን ነገር በሙሉ ማወቅ ይወዳል፥ ጥናቱም ይህን ያሳያል ብሎ ተከራክሯል። በ2011 ደግሞ በካሊፎርንያ ሳን ዲዬጎ ዩኒቨርሲቲ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ለተማሪዎች አጫጭር ታሪኮች አስነብበው፥ መጨረሻው አስቀድሞ የተነገራቸው ሰዎች ታሪኩን በጥቂቱ አብልጠው እንደ ወደዱት ጻፉ። ይህን ሳገኝ ደነገጥሁ፤ ላይኛው አልጋ ላይ ያለው ልጅ ተሳስቶ ይሆን? በ2015 ግን ሌሎች ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ሙከራ አድርገው፥ መጨረሻው ያልተነገራቸው የበለጠ ተደስተዋል፥ ልባቸውም የበለጠ ተንጠልጥሏል አሉ። እኔ የማየው እንዲህ ነው። መውደድ ሌላ፥ በር ላይ ቆሞ ለመክፈል መወሰን ሌላ። መጨረሻውን አውቆ በታሪኩ መደሰት ይቻላል፤ በዓሉ ግርማን ደጋግሞ የሚያነብ ሰው ምስክር ነው። ነገር ግን ያ ሰው አንድ ጊዜ ገብቷል፤ ትሬለር የሚሠራው ገና ላልገባው ነው።

ይህንንም እኛ ከልጅነታችን እናውቀዋለን። እንቆቅልህ የሚለው ልጅ ምን ያደርጋል? ምን አውቅልህ ከተባለ በኋላ ጥያቄውን ይጠይቃል፤ ጥያቄው ውስጥ መልሱ ሁሉ አለ፥ ግን ተሸፍኗል። ያላወቀው ሰው ሲቸግረው አገር ስጠኝ ይባላል፤ ጎንደርን ወይም ሐረርን ይሰጣል፤ ተሰድቦም መልሱን ይሰማል። አገር ሳይቀበል መልሱን የሚናገር ልጅ ጨዋታውን አበላሸ ተብሎ ይባረራል። ያ ልጅ የእኛ የመጀመሪያ ትሬለር ነው።

አዲሱ 70 ሰኮንድ ነው። ያለ ድምፅም ይገባል። ዘበኛው ቁልፉን በምስማሩ ላይ ሰቅሎ ሻዩን ሊጠጣ ይቀመጣል። ልጅቱ በመጻሕፍቱ መካከል ትነቃለች፤ በሩን ትሞክራለች፥ እንቢ ይላታል፤ ተመልሳ ትቀመጣለች፥ እንዲያውም ደብተሯን ትገልጣለች። ከዚያ ምስማሩን ባዶውን እናሳያለን። ይህ ነው ቦምባችን። ልጅቱ አላየችውም፤ ተመልካቹ አየው። ቀጥሎ ቁልፍ ሲዞር ከውስጥ በኩል ይታያል። እርሷም ጫማዋን ቀስ ብላ አውልቃ በእጇ ትይዝና በጣቷ መደርደሪያዎቹን እየቈጠረች በጨለማው ትሄዳለች። ፊት የለም፥ ጩኸት የለም። ቀኑና ሰዓቱ ይጻፋል። ያን የሚያምረውን ሥዕል ከመጣላችን በፊት አንድ ማታ ሙሉ ተጨቃጭቀንበታል፤ የቀረጸው ጓደኛችን እስከ አሁን ያኰርፋል።

በዚያው መኝታ ክፍል ለዚያው ለላይኛው አልጋ ባለቤት አሳየነው። ሲያልቅ ቀጥ ብሎ ተቀመጠና፥ «ማነው የወሰደው? ዘበኛው ነው?» አለ። አልነገርነውም። ትግራይንም ወለጋንም ሰጠን፤ እንቢ አልነው።

የቀረው ነገር አንድ ነው፤ እርሱም አልቀለለኝም። ትሬለር ቃል መስጠት ነው። በአሜሪካ በ2011 አንዲት ሴት «ድራይቭ» የተባለው ፊልም ትሬለሩ እንዳስመሰለው በመኪና እሽቅድምድም የተሞላ ሳይሆን ቀረ ብላ ከስሳ ነበር፤ አልተሳካላትም። በ2022 ደግሞ ሁለት ሰዎች «የስተርዴይ» በተባለው ፊልም ትሬለር ያዩአት ተዋናይ ከፊልሙ ተቈርጣ ስላገኙ ከሰሱ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ዳኛው ትሬለር እንደ ማናቸውም የንግድ ማስታወቂያ ሐሰት ከተገኘበት ሊያስጠይቅ ይችላል ብሎ ወሰነ። በሚቀጥለው ዓመት ክሱ በሌላ ምክንያት ቢዘጋም፥ ያ አሳብ የሚናቅ አይደለም።

አዲሱን ትሬለር ለዚያች የክፍላችን ተማሪ ስናሳያት ጫማው ላይ ስትደርስ ፈገግ አለች። «አሁን እመጣለሁ» አለች። ስልኩን ስትመልስልኝ ደግሞ፥ «ጩኸቱ ግን ፊልሙ ውስጥ አለ፥ አይደል?» ብላ ጠየቀች።

አለ። ወደ መጨረሻው ላይ ሁለት ጊዜ ትጮኻለች። የፊልሙ አዘጋጅ ያለ ጩኸት ልብ አንጠልጣይ የለም፥ ደግሞም እንደ ገና ለመቅረጽ የካሜራ ኪራይ የለንም ይላል። ከአራታችን ሁለቱ በእርሱ በኩል ናቸው። እኔና አንዱ ጓደኛዬ ትዕይንቱ ቢቀር ትሬለራችን እውነት ይሆናል እንላለን። ይህ መጽሔት ተባዝቶ በእጃችሁ እስኪገባ ድረስ ክርክሩ ያልቃል ብዬ አላስብም።